ቤት ከመፈለግ በፊት ሰፈር መምረጥ፦ ቤተሰብ ይዞ አዲስ ከተማ ለሚገባ

ወደ አዲስ ከተማ ለመዛወር የተነሣ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው የቤት ፎቶ ማየት ነው። ሰፊ ሳሎን፣ የሚያምር ኩሽና፣ ብርሃን የሞላው መኝታ ቤት። ልብ አንዴ ከተሰረቀ ቀሪው ሥራ ለዚያ ቤት ምክንያት መፈለግ ይሆናል፤ «ትምህርት ቤቱ ትንሽ ይርቃል እንጂ…»፣ «መንገዱ ጠዋት ይጨናነቃል ይላሉ፤ እንለምደዋለን።» ቅደም ተከተሉ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የኩሽና ቀለም ይቀየራል፣ የተበላሸ ቧንቧ ይጠገናል፣ ጠባብ ሳሎንም በዕቃ አደራደር ይሰፋል። ቤቱ የቆመበትን ቦታ ግን ማንም አያንቀሳቅሰውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ሰፈሩ ነው፤ የሚመረጠውም ቤተሰቡ በተራ የሥራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚረግጠው መንገድ እየታየ ነው።

ወረቀት አውጡ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ በየሳምንቱ የግድ የሚሄድባቸውን ቦታዎች በሙሉ ጻፉ፦ የአባት ሥራ፣ የእናት ሥራ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ወይም ማቆያ፣ የሕክምና ክትትል ያለው ሰው ካለ ሆስፒታሉ፣ የጸሎት ቦታ፣ በየሳምንቱ የሚጠየቁ ወላጆች። ከእያንዳንዱ ጎን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚኬድ አስቀምጡ። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚስተው ስሌት አለ፤ ልጅ ማመላለስ ሁለት ጉዞ ይመስላል፣ በእውነቱ ግን አራት ነው። ጠዋት አድርሶ መመለስ፣ ከሰዓት ሄዶ ይዞ መምጣት። ትምህርት ቤቱ በእግር 20 ደቂቃ ቢርቅ በቀን 80 ደቂቃ ነው፤ በወር 20 የትምህርት ቀን ቢቆጠር 1600 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 27 ሰዓት ይሆናል። ያው ትምህርት ቤት 8 ደቂቃ ላይ ቢሆን 11 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ በወር 16 ሰዓት ነው፤ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን በእግር መንገድ ላይ እንደማሳለፍ ነው።

የሥራውንም መንገድ እንዲሁ አስሉት። 40 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ 15 ደቂቃ ከሚፈጀው ጋር ሲነጻጸር በአንድ ጉዞ 25፣ ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ ይበልጣል። በ22 የሥራ ቀን 18 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ይህን ቁጥር ከኪራይ ልዩነቱ አጠገብ ስታስቀምጡት ርካሹ ቤት ርካሽ መሆኑን ወይም አለመሆኑን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

«ቅርብ» የሚለው ቃል ብቻውን ያታልላል። ወደ ሥራ በሚወስደው መንገድ ላይ 3 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ትምህርት ቤት፣ በተቃራኒው አቅጣጫ 1.5 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ይቀላል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ለብቻው ጉዞ አይጠይቅም። ስለዚህ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱንና ሥራውን በካርታ ላይ በመስመር አገናኟቸውና ቅርጹን ተመልከቱ። ጠባብ ቅርጽ ወይም አንድ መስመር ከወጣላችሁ ጥሩ ነው። ሦስቱም ወደ ተለያየ አቅጣጫ የተበተኑበት ሰፈር እያንዳንዱ ርቀት ለየብቻው ሲታይ መጠነኛ ቢመስልም ያደክማል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ በፊት መልስ ያግኝ፤ ልጁ ትምህርት ቤት እያለ ቢታመምና ቢደወል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደርሶ የሚይዘው ማን ነው? ሁለቱም ወላጆች ከተማውን አቋርጠው የሚሠሩ ከሆነና በአካባቢው ሌላ የሚደርስ ሰው ከሌለ፣ ያ ሰፈር የቱንም ያህል ቢያምር ለትንሽ ልጅ ቤተሰብ አይሆንም ባይ ነኝ።

ሥራው ራሱ ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ከሆነ ቤቱን ከቢሮው በር ላይ ማሰር አደጋ አለው። ሥራ ሊቀየር ይችላል፤ የልጅ ትምህርት ቤት ግን እንዲቀየር አይፈለግም። እንዲህ ሲሆን ከአንድ መሥሪያ ቤት ይልቅ ወደ ብዙ አቅጣጫ የሚያደርስ ዋና የትራንስፖርት መስመር አጠገብ መሆን ይሻላል።

ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው በየዘመኑና በየአገሩ ለዕለት ጉዞ የሚሰጠው ጊዜ በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ እንደሆነ ጽፎ ነበር፤ የያኮቭ ዘሃቪን ቀደም ያለ ሥራ መነሻ አድርጎ ነው። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ማለት በአንድ ጉዞ 30 ደቂቃ ነው። ሕግ ባይሆንም ጥሩ መለኪያ ይሆናል። ኢኮኖሚስቶቹ አሎይስ ሽቱትሰርና ብሩኖ ፍራይ በበኩላቸው በጀርመን መረጃ ላይ ተመሥርተው በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ወደ ሥራ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ሰው ለረጅም መንገድ የሚስማማው በምላሹ የተሻለ ደመወዝ ወይም የተሻለ ቤት ስላገኘ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ጥናቱ ግን ካሳው ድካሙን ሙሉ በሙሉ እንደማያካክስ ነው ያገኘው። ለዚህ የሚሰጥ አንድ ማብራሪያ አለ፤ ትልቁን ሳሎን ዓይን በጥቂት ወር ውስጥ ይለምደዋል፣ የመንገድ መጨናነቅን ግን በየቀኑ መልኩ ስለሚለዋወጥ መልመድ ይከብዳል።

በዚህም ምክንያት አማካዩን ደቂቃ ብቻ አትያዙ። የካርታ መተግበሪያዎች የመነሻ ሰዓትና ቀን አስገብቶ ግምት ማየት ይፈቅዳሉ፤ ገና ከሩቅ ሳላችሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርትና ሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ እንዲሁም በሚወጣበት ሰዓት መንገዱን እየፈተሻችሁ መዝግቡ። ከአምስቱ ቀናት የከፋውን ውሰዱ። 25፣ 28፣ 26፣ 45፣ 27 ከወጣ ኑሯችሁ የሚታቀደው በ45ቱ ነው፤ ማርፈድ የማይቻልበት ቀን የትኛው እንደሚሆን አይታወቅምና። አውቶቡስ ወይም ባቡር ከሆነ የሚቀየርበትን ቦታ ቁጠሩ። አንድ ቅያሪ ይቻላል፤ ሁለት ቅያሪ ካለና አንዱ ካመለጠ ግን ጠቅላላው ቀን ይናጋል። የመጨረሻው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍም ጠይቁ።

ለእግር መንገድ ደግሞ ካርታው የሚሰጠው ደቂቃ የአዋቂ እርምጃ ነው፤ በደቂቃ 80 ሜትር ያህል። ቦርሳ የተሸከመ የ6 ዓመት ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው በደቂቃ 50 ሜትር ቢገምት ይሻለዋል። 1 ኪሎ ሜትር ካርታው ላይ ከ12 እስከ 13 ደቂቃ ይላል፤ ከልጅ ጋር 20 ደቂቃ ነው። በካርታ ላይ ክብ አስምሮ «በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ በመካከል ወንዝ፣ የባቡር ሐዲድ ወይም ፈጣን መንገድ ካለ መሻገሪያው እስኪገኝ መንገዱ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ትምህርት ቤት ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በዝውውር ወቅት ከሁሉ በላይ የሚያስለቅሰው ይህ ነው። የተለመደው ስሕተት «ጎበዝ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ነው» ተብሎ ቤት ተከራይቶ፣ ከዚያ በኋላ በልጁ ክፍል ቦታ እንደሌለ መስማት ነው። ቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ በትክክል ይህን ነው፦ በዚህ የክፍል ደረጃ፣ በዚህ ወር፣ ለአንድ ልጅ ቦታ አለ? ሁለት ልጆች ካሉ ለሁለቱም አለ? የተጠባባቂ ዝርዝር ካለ ስንተኛ እንሆናለን? አንዱ ልጅ ገብቶ ሌላው ከተማውን አቋርጦ መመላለስ ከጀመረ ከላይ ያሰላችሁት ሁሉ ይፈርሳል።

በብዙ አገር የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚቀበለው በመኖሪያ አካባቢ ነው፤ የምደባው ድንበርም አንዳንዴ በአንድ መንገድ መሐል ያልፋል። ከመንገዱ ወዲህ ያለው ቤት ወደ አንዱ፣ ከወዲያ ያለው ወደ ሌላው ይመደባል። የቤት ማስታወቂያ ላይ «ከትምህርት ቤቱ አጠገብ» ስለተባለ ብቻ አትመኑ፤ ትክክለኛውን አድራሻ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰጥታችሁ በጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቁ። እዚህ ላይ አንድ አዙሪት አለ። ትምህርት ቤቱ ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃ ይጠይቃል፤ እናንተ ደግሞ ልጁ መግባቱን ሳታውቁ ውል መፈረም አትፈልጉም። መውጫው ለምዝገባ የሚቀበሉትን ማስረጃ ዓይነት አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ የተፈረመ የኪራይ ውል ነው? የውኃ ወይም የመብራት ሒሳብ ነው? ጊዜያዊ አድራሻስ ይሆናል? የመብራት ሒሳብ የሚጠይቁ ከሆነ በስማችሁ የመጀመሪያው ሒሳብ እስኪወጣ አንድ ወር ሊያልፍ ስለሚችል ጊዜውን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አቅዱ።

ከቀድሞው ትምህርት ቤት ሳትወጡ የሚያዙ ወረቀቶች አሉ፦ መልቀቂያ፣ ቢያንስ ያለፉት ሁለት ዓመታት የውጤት ካርድ፣ የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ ልዩ ድጋፍ የሚያገኝ ልጅ ከሆነ የግምገማው ሰነድ። ማኅተም የጎደለው አንድ ወረቀት ከሩቅ ከተማ ሆኖ ለማስተካከል ሳምንታት ይወስዳል። ዋናውን በእጃችሁ፣ ፎቶውን በስልካችሁ ያዙ። ዕቃ ጫኙ በሚወስደው ካርቶን ውስጥ አታስገቡት።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ ከግቢው ማማር ይልቅ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚማር፣ በዓመት ውስጥ ስንት መምህር እንደተቀየረ፣ በመንፈቅ የሚገባ ልጅ እንዴት እንደሚታገዝ ጠይቁ። በልጁ ክፍል የሚያስተምር ሰው ለአሥር ደቂቃ እንኳ ቢያነጋግራችሁ ጥሩ ነው። ሽንት ቤቱን እዩት። ይህን የምለው በጥብቅ ነው፤ ንጹሕ ያልሆነ ሽንት ቤት ያለበት ቦታ ትንሽ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል።

የሰፈር ምርጫ በልጅ ሕይወት ላይ ያለው ክብደት በጥናትም ተለክቷል። በአሜሪካ ከ1994 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ከፍተኛ ድህነት ካለባቸው አካባቢዎች የተውጣጡ ቤተሰቦች በዕጣ የኪራይ ድጋፍ አግኝተው ወደ ተሻለ ሰፈር እንዲሄዱ ተደርጎ ነበር። ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎረንስ ካትዝ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ትንታኔ፣ ዕድሜያቸው 13 ሳይሞላ በዚያ ድጋፍ የተዛወሩ ልጆች በሃያዎቹ አጋማሽ ሲደርሱ ገቢያቸው ካልተዛወሩት በ31 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ከ13 ዓመት በኋላ በተዛወሩት ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም፤ እንዲያውም ትንሽ ጉዳት ይመስላል። ጥናቱ ከብርቱ ድህነት ስለወጡ ቤተሰቦች ነው፤ ለሁሉ ዓይነት ዝውውር አይሠራም። ሆኖም የዕድሜው ነገር ልብ የሚባል ነው። ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ለአካባቢው ጥራት ቅድሚያ ይስጥ። ጎረምሳ ልጅ ያለው ደግሞ መቋረጡን ማለዘብ ላይ ያተኩር፤ ዝውውሩ ከተቻለ በትምህርት ዘመን መጨረሻ ይሁን፣ ሰፈሩም ልጁ ሰው ሳያስቸግር በራሱ በትራንስፖርት ተንቀሳቅሶ ጓደኛ የሚያገኝበት ይሁን። ከከተማ ዳር ያለ ጸጥተኛ ግቢ ለ5 ዓመት ልጅ ገነት ሊሆን ይችላል፤ የ15 ዓመቷ ልጅ ግን ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሾፌር ስትለምን ትኖርበታለች።

ገንዘቡን በአጭሩ። ኪራይ ከወር ገቢ 30 በመቶ አይለፍ የሚለው የታወቀ መለኪያ ከአሜሪካ የመንግሥት ቤቶች ደንብ የመጣ ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. 25 በመቶ ሆኖ ተወስኖ በ1981 ወደ 30 ከፍ ብሏል። መለኪያው ትራንስፖርትን አይቆጥርም፤ ቤተሰብ የሚስተውም እዚያ ላይ ነው። ኪራዩን፣ የጋራ ሕንጻ መዋጮውን፣ ውኃና መብራቱን፣ የሁሉንም ሰው የወር ጉዞ ወጪና የልጅ ማቆያ ተጨማሪ ሰዓት ደምራችሁ ሰፈርን ከሰፈር አወዳድሩ። ዳር ያለው ሰፈር ሁለተኛ መኪና የሚያስገዛ ከሆነ የኪራይ ቅናሹ በአብዛኛው ይበላል። ለመነሻውም ቢያንስ የአምስት ወር ኪራይ ያህል ጥሬ ገንዘብ ያዙ፦ ቅድሚያ ክፍያ፣ መያዣ፣ የደላላ ድርሻ፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ አሮጌውና አዲሱ ቤት የሚደራረቡበት ወር፣ ከዚያም መጋረጃና ቁልፍ የመሳሰሉት የሚበሉት አይታወቅም።

ሁለት ወይም ሦስት ሰፈር ከቀረላችሁ በኋላ በአካል ሄዳችሁ እዩ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። በሥራ ቀን ጠዋት፣ በሥራ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ። ደላላ ሰው የሚወስደው ብርሃን ባለበትና መንገድ ባልተጨናነቀበት ሰዓት ነው። ማታ ስትመጡ የመንገድ መብራት መሥራቱን፣ በጎዳናው ላይ ሴቶችና አረጋውያን ብቻቸውን ሲሄዱ መታየታቸውን፣ ሙዚቃው ከየት እንደሚመጣ ታያላችሁ። ሱቅ ገብታችሁ ውኃ ግዙና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ውኃና መብራት መጨረሻ የጠፋው መቼ ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በየት በኩል ነው የሚሄደው። «ጥሩ ሰፈር ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም «አዎ» ይላል።

ከቤቱ ደጅ ጀምራችሁ እስከ ትምህርት ቤቱ በር በልጅ እርምጃ፣ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። የእግረኛ መንገዱ የት ላይ እንደሚቋረጥ፣ መኪና ቆሞበት ወደ አስፋልት የምትወርዱበት ቦታ ካለ፣ ማቋረጫው ላይ የሚታጠፉ መኪኖች ይቆሙ እንደሆነ አስተውሉ። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚመጣን መኪና ፍጥነትና ርቀት አገናኝተው ለመገመት ይቸገራሉ፤ ስለዚህ አስቸጋሪ ማቋረጫ አንድ ካለ ልጁ ለብዙ ዓመት ብቻውን አይሄድም፣ አራቱ ጉዞም አይቀንስም። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የስቶክሆልም የመንገድ ደኅንነት መግለጫ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ጠይቋል። መንገዱ ላይ መኪኖች ከዚህ በላይ የሚበሩ ከሆነ ሌላ መተላለፊያ ፈልጉ፤ ከሌለ ሌላ ሰፈር።

አየሩና ድምፁ በፎቶ አይታዩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአየር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ብናኞች (ፒኤም 2.5) የዓመት አማካይ በሜትር ኪዩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ብዙ ከተማ ከዚህ በላይ ነው፤ ቢሆንም በአንድ ከተማ ውስጥም ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ከዋና አውራ ጎዳና ጥቂት መቶ ሜትር መራቅ ብቻውን የመኪናውን ጭስ ድርሻ በጉልህ ይቀንሳል። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ይህን ከኪራዩ በላይ አስቀምጡት። ለድምፅ ደግሞ ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመኪና መንገድ ድምፅ ሌሊት ከቤት ውጭ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። በስልክ መተግበሪያ መለካት ትክክለኛ ቁጥር ባይሰጥም ሁለት ቤት ለማወዳደር ይበቃል። የመኝታ ቤቱን መስኮት ዝጉ፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ከዚያ ክፈቱት። ተከፍቶ የማይተኛበት ከሆነ በሙቀት ወቅት ምን እንደሚሆን አስቡ።

አሁን ወደ ቤቱ ግቡ። በሩ እንደተከፈተ፣ መስኮት ሳይከፈት ማሽተት ይቅደም፤ ተዘግቶ የቆየ ቤት እርጥበቱን አይደብቅም። አዲስ ቀለም የተቀባው አንዱ ጥግ ወይም አንዱ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ምን እንደተሸፈነ ጠይቁ። ከቁም ሳጥን ጀርባ እጃችሁን ሰዳችሁ ግድግዳውን ዳብሱ። ቀዝቅዞ የሚያረጥብ ከሆነ፣ ወይም ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ እንደ ጨው የሚነጣ ነገር ካለ፣ ውኃ ከታች እየወጣ ሊሆን ይችላል። በግቢው አጥር ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የቡናማ ጭቃ መስመር ደግሞ የጎርፍ ቁመት ነው። የሚወርድ ጎርፍ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ቢኖረው አዋቂን ሊጥል ይችላል፤ ልጅ በሚጫወትበት ግቢ እንዲህ ያለ መስመር አይታለፍም።

ውኃውን በባልዲ ለኩት። 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከሻወሩ ሥር አድርጋችሁ በስልክ ሰዓት ያዙ። በአንድ ደቂቃ ቢሞላ ጥሩ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ከወሰደ አራት ሰው ጠዋት ታጥቦ ለመውጣት ይቸገራል። ከዚያ የኩሽናውን ቧንቧ ከፍታችሁ ድገሙት። በሁለተኛው ልክ በጣም ከወረደ ችግሩ ከግፊት ወይም ከጠበበ ቧንቧ ነው። ውኃ 10 ሜትር በወጣ ቁጥር ወደ 1 ባር ገደማ ግፊት ያጣል፤ ፎቅ በጨመረ ቁጥር ፓምፕና ታንከር መኖሩን፣ የፓምፑንም መብራት ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳውን ሙሉና ውታፉን ንቀሉ። ሲወርድ የሽንት ቤቱ ወይም የመታጠቢያው ቀዳዳ ቢንቆረቆር የፍሳሽ መስመሩ አየር አያገኝ ይሆናል፤ ሽታ ሊከተል ይችላል።

በረንዳ ካለ የብረቱ ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የሕፃን ሰውነት በሰፊ ክፍተት ያልፋል። አግድም የተበየዱ ብረቶች ለልጅ መሰላል ናቸው። ቤቱ አሮጌ ከሆነና ቀለሙ የሚላጥ ከሆነ፣ እርሳስ ያለው ቀለም ሊሆን ስለሚችል (አሜሪካ እንኳ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው) ሕፃን ያለው ሰው ሳይመረመርና ሳይስተካከል አይግባበት። ወደ ምዕራብ የዞረ መኝታ ቤት ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ጠጥቶ ልጆች በሚተኙበት ሰዓት ይግላል። የፍሪጁንና የአልጋውን ልክ በሜትር ይዛችሁ የደረጃውን መታጠፊያና የሊፍቱን በር ለኩ።

የማታውቁት ከተማ ላይ ቤት መግዛት አይቸኮልበት። ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል አንድ ዓመት ተከራዩ፤ ዝናቡንም ሙቀቱንም አይታችሁ፣ የልጆቹን ጓደኞችና የሥራውን ጽናት አውቃችሁ ወስኑ። ልጆቹ ከትምህርት ቤታቸው ሳይነቀሉ ቤት መቀየር እንድትችሉ የመጀመሪያውን ኪራይ ከትምህርት ቤቱ አካባቢ አድርጉት። ገና ከሩቅ ሳላችሁ ቤቱን ሳያሳይ ቀብድ የሚጠይቅ ሰው፣ «ሌላ ሰው ዛሬ ሊይዘው ነው» እያለ የሚያጣድፍ ሰው፣ ኪራዩ ከአካባቢው በጣም የወረደ ማስታወቂያ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ምልክት ናቸው። የሚያከራየው ሰው ባለቤት መሆኑን ወይም ውክልና እንዳለው በሰነድ ሳታዩ፣ እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው ቤቱን ከውስጥ ሳይረግጥ ገንዘብ አትላኩ።

ውሉ ላይ ኪራይ የሚጨመረው መቼና በምን ያህል እንደሆነ፣ መያዣው በስንት ቀን እንደሚመለስና ከምን ሊቀነስ እንደሚችል፣ ከጊዜው በፊት ለመልቀቅ የስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚያስፈልግ፣ ፓምፕና ጣራ ሲበላሽ የሚጠግነው ማን እንደሆነ ይጻፍ። የቃል ተስፋ ሁሉ ወደ ወረቀቱ ይግባ። ቁልፍ በምትቀበሉበት ቀን የውኃና የመብራት ቆጣሪ ቁጥሩን፣ እያንዳንዱን ስንጥቅና ጭረት ፎቶ አንሥታችሁ በዚያው ቀን ለአከራዩ ላኩ።

ለውሳኔው ከባልና ሚስት እያንዳንዱ፣ እንዲሁም ትልልቅ ልጆች፣ «ይህ ካለ አልኖርበትም» የሚሉትን አንድ አንድ ነገር ብቻ ይጻፉ። አንድ ብቻ መሆኑ ሰውን እውነተኛውን ያስወጣዋል። ለአንዷ የማታ ጨለማ መንገድ ነው፣ ለአንዱ የአንድ ሰዓት አውቶቡስ፣ ለልጁ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ ማጣት። በእነዚህ የወደቀ ሰፈር ነጥቡ በሌላው ቢሞላም ይቅር። ለቀሩት የወሩን የጉዞ ሰዓትና የወሩን ጠቅላላ ወጪ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ምረጡ።

ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ቢያንስ አሥር ቀን ቀድማችሁ ግቡ። በመጀመሪያው ቀን የልጆቹ አልጋ ይዘርጋ፤ ሳሎኑ ይቆይ። እሑድ ከሰዓት ልጁ ከፊት እየመራ ወላጅ ከኋላ እየተከተለ የትምህርት ቤቱን መንገድ ሁለት ጊዜ ይመላለሱ፤ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ የቱ ጋ ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ቢጠፋው የትኛው ሱቅ ገብቶ የማንን ስልክ እንደሚያስደውል ልጁ በራሱ አፍ እስኪናገር ድረስ።